የቤንች ፕሬስ ቅስት፦ ከእግር ጀምሮ ደረት ላይ የሚያልቅ ሥራ

ፓወርሊፍቲንግ የተባለው የክብደት ማንሳት ውድድር ሦስት የማንሳት ዓይነቶች አሉት፤ ስኳት (ባር ትከሻ ላይ ይዞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት)፣ ቤንች ፕሬስና ዴድሊፍት (ባርን ከመሬት ማንሳት)። በቤንች ፕሬስ አንሺው አግዳሚ ወንበር ላይ በጀርባው ይተኛል፤ ባሩን ወደ ደረቱ አውርዶ ያቆማል፤ ከዚያ መልሶ ይገፋል። ውድድር አይቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ግን ክብደቱ አይደለም፤ የአንሺው ጀርባ ነው። ጭንቅላቱ፣ ትከሻውና መቀመጫው አግዳሚው ላይ አርፈዋል። መሃሉ ግን እንደ ድልድይ ተነስቶ በሥሩ ብርሃን ይታያል። ይህ ቅርፅ ቅስት ነው። ጂም ውስጥ ብዙዎች «አርች» ይሉታል።

አንዳንዱ ደግሞ «ጀርባ ማጉበጥ» ይለዋል። ቃሉ ያሳስታል። የጎበጠ ሰው ደረቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ጀርባው ወደ ውጭ የወጣ ነው። እዚህ የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፤ ደረት ተነፍቶ ወደ ላይ፣ ትከሻ ወደ ኋላና ወደ ታች።

ጥቅሙ

በጣም የሚታየው ጥቅም የመንገዱ ማጠር ነው። ደረት ከፍ ካለ ባሩ ቶሎ ያገኘዋል። 100 ኪሎ ባር 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ቢገፋ ወደ 392 ጁል ሥራ ይጠይቃል። ያው ባር 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከተጓዘ ግን ወደ 245 ጁል ይወርዳል። ከባሩ ላይ አንድ ግራም አልተነሳም። ለመግፋት የሚያስፈልገው ሥራ ግን ከአንድ ሦስተኛ በላይ ቀንሷል።

እኔ ግን የትከሻውን ጥቅም አስቀድማለሁ። ለጥ ብሎ የተኛ ሰው ባሩን ደረቱ ላይ ሲያደርስ ክርኑ ከሰውነቱ በታች ጠልቆ ይወርዳል። ያኔ የትከሻ መገጣጠሚያው የፊት ክፍል ይወጠራል። ደረት ሲነሳና የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንቶች ሲሰበሰቡ ክርኑ ያን ያህል ሳይጠልቅ ባሩ ይነካል። ጀርባውም ከአግዳሚው ጋር ይጣበቃል። የሚንሸራተት ትከሻ ይዞ ትልቅ ክብደት መግፋት ጭቃ ላይ ቆሞ መኪና እንደመግፋት ነው።

«ወገብ አይጎዳም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። መልሱ ጭነቱ የት እንደሚያርፍ ካየን ይገባናል። በስኳት ባሩ ትከሻ ላይ ተቀምጦ አከርካሪን ከላይ ወደ ታች ይጫናል። በቤንች ፕሬስ ግን ክብደቱ በክንድ በኩል አድርጎ የላይኛው ጀርባ ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያም አግዳሚው ይሸከመዋል። ወገቡ ተለጥጧል እንጂ ባሩን አልተሸከመም። ይህ ማለት ግን ማንም ሰው ዝም ብሎ ይለጠጥ ማለት አይደለም። ወደ ኋላ ሲለጠጥ ወገቡን የሚያመው ሰው መጀመሪያ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ጋ መታየት አለበት።

ማጭበርበር ነው?

መንገዱን ስለሚያሳጥር ቅስትን ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። ተኝቶ ክብደት መግፋት ግን የተጀመረው ያለ አግዳሚ ነው። ታዋቂው የትግል ስፖርተኛ ጆርጅ ሃከንሽሚት በፈረንጆቹ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መሬት ላይ ተኝቶ ወደ 164 ኪሎ የሚጠጋ ባር ገፍቷል። በዚያ ዘመን ባሩን ሆድ ላይ አድርጎ በዳሌ ወደ ላይ መወርወርም ነበር። ከዚያ ጋር ሲወዳደር የዛሬው ቅስት ጨዋ ነው።

ዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1972 ተመሠረተ። ሕጉ ቅስትን አይከለክልም። የሚጠይቀው ጭንቅላት፣ ትከሻና መቀመጫ አግዳሚውን እንዲነኩ፣ እግርም መሬት ላይ ሙሉ በሙሉ እንዲያርፍ ነው። በሁለቱ አመልካች ጣቶች መካከል ያለው ርቀት ከ81 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ባሩም ደረት ላይ ቆሞ የዳኛውን ትእዛዝ ይጠብቃል። በጣም ተለማጭ የሆኑ አንሺዎች ይህን ሁሉ አሟልተው፣ በሰፊ አያያዝ፣ ባሩን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ማንቀሳቀስ ቻሉ። ክርክሩ የጦፈው በዚህ ነው። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ፌዴሬሽኑ አንድ ነገር ጨመረ፤ ባሩ ሲወርድ የክርኑ የታችኛው ገጽ ከትከሻ መገጣጠሚያው የላይኛው ገጽ እኩል ወይም ዝቅ ማለት አለበት። ሕጉ ቅስቱን አልነካም። የነካው የክርኑን ጥልቀት ነው። ለአብዛኛው አንሺ ይህ ምንም አልለወጠም። በጣም ትልቅ ቅስትና በጣም ሰፊ አያያዝ ያጣመሩት ግን እጃቸውን ማጥበብ ነበረባቸው።

ለእኔ ነገሩ ማጭበርበር አይደለም። ውድድሩ የሚለካው በተነሳው ክብደት ነው፤ ሕጉም ለሁሉም እኩል ነው። ለውድድር ሳይሆን ደረቱን ለማሳደግ ብቻ የሚሠራ ሰው ግን ትልቅ ቅስት አያስፈልገውም። ትከሻውን የሚያስቀምጥለት መጠነኛ ቅስት ይበቃዋል።

ቅስቱ ከየት ይመጣል?

ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቅስት ሲባል ወገቡን ብቻ ያጥፋል። ወገቡ ይነሳል፣ ሆዱ ይነሳል፣ ደረቱ ግን እዚያው ይቀራል። ባሩ የሚነካው ደረትን ስለሆነ ይህ ቅስት የሚያሳጥረው መንገድ እምብዛም የለም። ትርፉ የወገብ ድካም ነው።

አከርካሪ አንገት ላይ 7፣ ደረት ጀርባ ላይ 12፣ ወገብ ላይ 5 አጥንቶች አሉት። ወገቡ በተፈጥሮው ወደ ኋላ መለጠጥ ይወዳል። መሃለኛው ክፍል፣ የጎድን አጥንቶች የተያያዙበት፣ ግትር ነው። ቀኑን ሙሉ ተጎንብሶ ለሚቀመጥ ሰው ደግሞ ይብስበታል። ደረትን ከፍ የሚያደርገው ግን ይኸው ግትር ክፍል ነው። ስለዚህ ቅስት ማሻሻል ማለት በዋናነት የላይኛውን ጀርባ ማላቀቅ ነው።

ዳሌም የራሱ ድርሻ አለው። እግር ወደ ኋላ ተስቦ ሲቀመጥ የጭን ፊት ይወጠራል። ጭንን ወደ ሆድ የሚስቡት ጡንቻዎች አጭር ከሆኑ እግሩ ወደ ኋላ አይሄድም፤ ከሄደም ተረከዙ ይነሳል። የቁርጭምጭሚት ግትርነትም ያንኑ ያደርጋል። ተረከዙ ከፍ ያለ የክብደት ማንሻ ጫማ እዚህ ላይ ይረዳል።

ለማላቀቅ ከሚሠሩት ውስጥ የምወደው ቀላሉን ነው። ፎም ሮለር (ከጠንካራ ስፖንጅ የተሠራ ጥቅል) ከትከሻ አጥንቶች በታች አጋድሞ መተኛት፣ እጅን ከራስ በላይ መዘርጋት፣ ቀስ ብሎ መተንፈስ። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ሮለሩን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ። ወገብ ሥር አይገባም። ለዳሌ ደግሞ አንድ ጉልበት ግድግዳ ሥር ተንበርክኮ፣ የዚያኑ እግር ጫፍ ግድግዳው ላይ አቁሞ፣ መቀመጫን አጥብቆ ቀጥ ማለት። ያቃጥላል። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ መሥራት በሳምንት አንዴ አንድ ሰዓት ከመሠቃየት ይሻላል። ለውጡም በወራት እንጂ በቀናት አይመጣም።

አቀማመጡ

ባሩ ሥር ዓይን ከባሩ ትይዩ ወይም ትንሽ ወደ እግር በኩል ሆኖ ይተኛል። አንሺው ባሩን ይይዛል፤ እግሩን መሬት ወይም አግዳሚው ላይ አድርጎ መቀመጫውን ያነሳል። አሁን ሰውነቱ በእግሩና በላይኛው ጀርባው ላይ ብቻ ነው። በዚህ ቦታ የትከሻ አጥንቶቹን እርስ በርስ ያቀራርባል፤ ከዚያም ወደ መቀመጫው አቅጣጫ ይጎትታቸዋል። ትከሻና ጆሮ መራራቅ አለባቸው። ይህ ከተተከለ በኋላ ጀርባው ከቦታው አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው የታችኛው አካል ነው። እግር አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መቀመጫው ወደ ትከሻው ተጠግቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። አግዳሚውን እስኪነካ ድረስ። ነክቶ ማረፉ ግን ግዴታ ነው።

ቀጥሎ እግር። ግፊቱ ወደ ላይ አይደለም፤ ወደ ራስ አቅጣጫ ነው። ጫማውን መሬት ላይ ወደፊት ለማንሸራተት እንደሚሞክር ሰው፣ ጉልበቱን ለመዘርጋት እንደሚፈልግ ሰው። መሬቱ ስለማይለቀው ሰውነቱ ወደ ትከሻው ይገፋል፤ ትከሻውም ስለተተከለ ደረቱ መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ይነሳል። ቅስቱን አቁሞ የሚይዘው ይህ ነው። ወገቡን ብቻ አጥፎ እግሩን የረሳ ሰው ባሩ ሲወርድ ቅስቱም አብሮ ይወርዳል።

ብዙ የተለፋበት ቅስት የሚፈርሰው ባሩ ከመስቀያው ሲነሳ ነው። መስቀያው ከፍ ያለ ከሆነ አንሺው ባሩን ለማውጣት ትከሻውን ወደ ላይ ይዘረጋል። የሰበሰባቸው አጥንቶች ያኔ ይበተናሉ። ስለዚህ መስቀያውን ዝቅ አድርጎ ባሩን ወደ ላይ ሳይሆን ወደፊት ማውጣት ይሻላል። የሚያቀብል ሰው ካለ ደግሞ በጣም ጥሩ። ባሩ ከተረጋጋ በኋላ ትልቅ ትንፋሽ ወደ ውስጥ፤ ደረቱ አንድ ጊዜ ይጨምራል። አወራረዱ ላይ ደረት ባሩን ለመቀበል የሚነሳ ያህል መሆን አለበት። የሚነካበት ቦታም ዝቅ ይላል፤ ወደ ደረት አጥንቱ የታችኛው ጫፍ አካባቢ።

የተለመዱ ችግሮች

መቀመጫ መነሳት ቀንደኛው ነው። ውድድር ላይ ሙከራውን ያስጥላል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እግር በጣም ከመቀመጫ ሥር ገብቶ ግፊቱ ወደ ላይ መሆኑ ነው። እግርን ትንሽ ወደፊትና ወደ ጎን ማውጣት ብቻውን የሚፈውሰው ሰው ብዙ ነው። እግሩ አጭር ለሆነ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። የውድድር አግዳሚ ከመሬት ከ42 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን እግሩ በደንብ አያርፍለትም። ሕጉ ከእግር ሥር እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ማስቀመጫ ይፈቅዳል። ማፈር አያስፈልግም፤ ይጠየቃል፣ ይመጣል።

ክራምፕም አለ። ጀማሪ ቅስቱን ሲሞክር የጭኑ የኋላ ጡንቻ ወይም ወገቡ በድንገት ሽምቅቅ ይላል። ጡንቻው በዚያ ርዝመት መሥራት አልለመደም። መድኃኒቱ ያለ ባር ቅስቱን ሠርቶ 10 ወይም 20 ሰከንድ መያዝ፣ ማረፍ፣ መድገም ነው። ከዚያ ባዶ ባር። ባዶው ባር 20 ኪሎ ስለሆነ ብዙ ሰው ዝም ብሎ ተኝቶ ይገፋዋል፤ ከባዱ ሲመጣ ብቻ ቅስት ይፈልጋል። እንደዚያ አይለመድም። ከመጀመሪያው ማሟሟቂያ እስከ መጨረሻው ዙር አቀማመጡ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ጀርባ የሚንሸራተት ከሆነ ልብሱን ማየት ነው። የሚያንሸራትት ጨርቅ የለበሰ ሰው የቱንም ያህል ቢሰበሰብ ይንሸራተታል። ጥጥ ቲሸርት ይሻላል።

ቅስቱ ከድግግሞሽ ድግግሞሽ የሚጠፋ ከሆነ ስልክን በአግዳሚው ከፍታ ከጎን አስቀምጦ መቅረጽ ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ድግግሞሽ ማስተያየት። ደረቱ ምን ያህል ወረደ? መቼ ወረደ? ሲወርድ ከሆነ የላይኛው ጀርባና ትንፋሽ፤ ሲገፋ ከሆነ እግሩ ነው። ቀለል ባለ ክብደት ደረት ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ እያቆሙ መሥራት ሁለቱንም ያስተካክላል። በነገራችን ላይ ትልቅ ግን የሚፈርስ ቅስት ከትንሽ ግን ከማይነቃነቅ ቅስት ያነሰ ነው። የጎን ቪዲዮው ይህን ያሳያል።

ሰዓቱ

ልምምድ ላይ ማንም አይቆጥርም። ውድድር ላይ ግን ባሩ ዝግጁ መሆኑ ከተነገረ በኋላ አንሺው ሙከራውን ለመጀመር ያለው 1 ደቂቃ ነው። በዚያ ውስጥ መድረክ ላይ መውጣት፣ መተኛት፣ ትከሻ መትከል፣ እግር መሳብ፣ መቀመጫ ማውረድ አለ። የዳኛው የመጀመሪያ ትእዛዝ የሚመጣውም ክንዱ ተዘርግቶ ሰውነቱ ከተረጋጋ በኋላ ነው። ቦታውን ለመያዝ 50 ሰከንድ የሚፈጅበት ሰው ክንዱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው የሚጥለው። ስለዚህ ከውድድሩ ሳምንታት በፊት አንድ ጓደኛ ሰዓት ይዞ ይቁም፤ አቀማመጡ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ውስጥ እስኪያልቅ ይደጋገም።