የሩሲያውያን አመጣጥ፦ ከኪየቭ እስከ ሞስኮ

ሩሲያውያን፣ ዩክሬናውያንና ቤላሩሳውያን የምሥራቅ ስላቭ ሕዝቦች ይባላሉ። ሦስቱም የታሪካቸውን መነሻ የሚያደርጉት አንድ የመካከለኛው ዘመን ግዛትን፣ ሩስን ነው። የውርሱ ክርክር እስከ ዛሬ ያልበረደውም በዚህ ምክንያት ነው። «ኪየቭ ሩስ» የሚለው መጠሪያ የኋለኞቹ ታሪክ ጸሐፊዎች ያወጡት ሲሆን፣ የዘመኑ ሰዎች አገሩን «የሩስ ምድር» ብቻ ይሉት ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ9ኛው ክፍለ ዘመን የስላቭ ነገዶች ከኢልመን ሐይቅ እስከ ዲኔፐር ወንዝ ባለው ሰፊ ደን ተበታትነው ይኖሩ ነበር። በሰሜን ጎረቤቶቻቸው ለፊንላንድ ቋንቋ የቀረበ ልሳን የሚናገሩ ሕዝቦች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከጊዜ በኋላ በስላቮቹ ተውጠው የሩሲያውያን አካል ሆነዋል። በዚያ ደን ውስጥ ዋናው መንገድ ወንዝ ነበር። ቫራንጋውያን የተባሉ የስካንዲኔቪያ ነጋዴ ተዋጊዎች ጀልባ እየቀዘፉ፣ ወንዝ ከወንዝ በማይገናኝበት ቦታ ጀልባውን በየብስ እየጎተቱ፣ ጠጉራም ቆዳ፣ ሰም፣ ማርና ባሪያ ጭነው እስከ ቁስጥንጥንያ ይወርዱበት ነበር። ብዙ ሊቃውንት «ሩስ» የሚለውን ስም ፊንላንዳውያን ስዊድንን ከሚጠሩበት «ሩኦትሲ» ጋር ያያይዙታል፤ ሥሩም ከመቅዘፍ ጋር የተገናኘ ነው ይላሉ።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኪየቭ ላይ የተጠናቀረው ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ ነገዶቹ እርስ በርስ መስማማት ቢያቅታቸው በ862 ሩሪክ የተባለውን አለቃ ከባሕር ማዶ ጠርተው ንገሥልን አሉት። ትረካው ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ዘግይቶ የተጻፈ ነው፤ ሥልጣኑን በግብዣ እንጂ በጉልበት አገኘሁ የሚል ገዥም ብርቅ አይደለም። የስካንዲኔቪያው እጅ ግን ተረት አይደለም። በ911 ከቁስጥንጥንያ ጋር የተደረገውን ውል በሩስ ስም ከተዋዋሉት መካከል ካርል፣ ፋርሎፍና ቬርሙድ የሚባሉ ነበሩ። ጥቂት ትውልድ ሳይቆይ ግን ገዥዎቹ ስቪያቶስላቭ፣ ቭላዲሚር፣ ያሮስላቭ የሚል የስላቭ ስም ይዘው እናገኛቸዋለን።

የዚህ መንግሥት የጀርባ አጥንት ግብር ነበር። ወንዞቹ በረዶ በሚሆኑባቸው የብርድ ወራት ልዑሉ ጭፍራውን አስከትሎ በየነገዱ እየዞረ ይሰበስባል፤ በረዶው ሲቀልጥ የሰበሰበውን በጀልባ ጭኖ ወደ ደቡብ ይልካል። የኪየቭ ልዑል ኢጎር በ945 ድሬቭሊያናውያን ከተባሉት ነገድ ግብሩን ተቀብሎ መንገድ ከጀመረ በኋላ አልበቃውምና ጥቂት ሰው ብቻ ይዞ ተመለሰ። እነርሱም ገደሉት። ሚስቱ ኦልጋ የተበቀለችበት መንገድ በዜና መዋዕሉ በሰፊው ይተረካል፤ ለመንግሥቱ የበለጠ የጠቀመው ግን ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው፤ የግብሩን ልክና መሰብሰቢያ ጣቢያዎቹን ወሰነች።

የልጅ ልጇ ቭላዲሚር በ988 ክርስትናን ከቁስጥንጥንያ ተቀብሎ የንጉሠ ነገሥቱን እኅት አናን አገባ። መጻሕፍቱ በግሪክኛ ሳይሆን በስላቭ ቋንቋ ስለመጡ ቅዳሴውና ጽሕፈቱ ለሕዝቡ ቅርብ ሆኑ። በልጁ በያሮስላቭ ዘመን (1019–1054) የኪየቭ ቅድስት ሶፊያ ተሠራች፤ የደም በቀልን ለቅርብ ዘመዶች ብቻ የሚፈቅድ፣ ተበቃይ ከሌለ 40 ግሪቭና (የዘመኑ ገንዘብ) ካሣ የሚያስከፍል ሕግም ተጻፈ።

ሥልጣን ከወንድም ወደ ወንድም የሚያልፍበት ልማድ ግን አጎትንና የወንድም ልጅን ማፋጀቱ አልቀረም። በ1097 ሊዩቤች በተባለች ከተማ መሳፍንቱ እያንዳንዱ የአባቱን ርስት ይያዝ ብለው ተስማሙ። በ1169 የሰሜን ምሥራቁ ልዑል አንድሬይ ቦጎሊዩብስኪ የላከው ጦር ኪየቭን ዘረፈ፤ እርሱም ኪየቭ ሊነግሥ እንኳ አልፈለገም። ኖቭጎሮድ ደግሞ በ1136 ልዑሏን አባርራ፣ በደወል በሚጠራ የከተማዋ ጉባኤ የምትመራ ሆና ነበር። ከጭቃዋ ከ1951 ጀምሮ ከሺህ በላይ በበርች ዛፍ ልጥ ላይ የተጻፉ ደብዳቤዎች ተቆፍረው ወጥተዋል፤ የብድር፣ የክስ፣ የፍቅር። እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ኦንፊም የተባለ ሕፃን ነው፤ ፊደል እየተለማመደ ሳለ ራሱን ጠላት የሚወጋ ፈረሰኛ አድርጎ ሥሏል።

ሞንጎሎች ከ1237 እስከ 1240 አገሩን አቃጠሉ። ምዕራቡና ደቡቡ፣ ኪየቭም ጭምር፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአብዛኛው ወደ ሊትዌኒያ ገባ፤ የዩክሬናውያንና የቤላሩሳውያን መንገድ የተለየው በዋናነት ከዚህ ወዲህ ነው። በሰሜን ምሥራቅ የቀሩት መሳፍንት ሹመታቸውን በቮልጋ ወንዝ ከነበረው የሞንጎሎች መንግሥት፣ ከወርቃማው ሆርድ ካን (ገዥ) በደብዳቤ ይቀበሉ ነበር። ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1147 የተጠቀሰው ትንሿ ሞስኮ የገነነችው እዚህ ላይ ነው። ልዑሏ ቀዳማዊ ኢቫን በ1327 ያመፀችውን ትቬርን ከሞንጎሎች ጋር ሆኖ መታ፤ ከሌሎቹ መሳፍንት ግብር ሰብስቦ ለካኑ የሚያስገባውም እርሱ ሆነ። ቅጽል ስሙ «ካሊታ» ነበር፤ የገንዘብ ከረጢት ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መሪም መቀመጫውን ወደ ሞስኮ አዛወረ።

የካሊታ የልጅ ልጅ ዲሚትሪ ዶንስኮይ በ1380 ኩሊኮቮ ላይ የሆርዱን ጦር አሸነፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ሞስኮ ተቃጥላ ግብሩ ቀጠለ። በ1389 ኑዛዜው፣ እግዚአብሔር ሆርዱን ከለወጠው እያንዳንዱ ልጅ በድርሻው የሚሰበስበውን ግብር ለራሱ ያድርግ ብሎ አስጻፈ። ያን ቀን ያየው የሞስኮው ልዑል ሦስተኛው ኢቫን ነው። በ1478 ኖቭጎሮድን ይዞ የጉባኤ ደወሏን ወደ ሞስኮ አስጫነ፤ በ1480 የካኑና የእርሱ ጦር በኡግራ ወንዝ ዳርና ዳር ለሳምንታት ተፋጥጠው የካኑ ጦር ተመለሰ። ገበሬው መክፈሉን አላቆመም፤ ገንዘቡ ግን ከዚያ ወዲህ በአመዛኙ ሞስኮ ቀረ።