የከተማ ዳር ሰው ዋይፋይ የማያስገባው ለምንድን ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሥራዬ ቤት ለቤት የኢንተርኔት መስመር መዘርጋት ነው። ውሎዬ አዲስ አበባ ዳር፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ነው። ስለእነዚህ ሰፈሮች ነዋሪ የሚወራው ወሬ አንገሽግሾኛል።

«ሳፋሪኮም ስለገባ ችግሩ ተፈቷል።» ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በሞባይል ኔትወርክ ነው። ቤት ድረስ የሚዘረጋ መስመር ሌላ ሥራ ነው።

«ፋይበር በደጄ ስላለፈ ይገባልኛል።» ፋይበር ኢንተርኔቱን ቤት ድረስ የሚያመጣው ገመድ ነው። ግን ሰፈሩ ያለው ማከፋፈያ ሳጥን ከሞላ አይገባም። መጀመሪያ ክፍት ቦታ መኖሩን ጠይቁ።

«ዳር ያለ ሰው አቅም የለውም።» በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። እስኪ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቁሙ። ሰው ጠዋት ካርድ ገዝቶ የቀን ፓኬጅ ይሞላል፣ ማታ ሲያልቅበት ይደግማል። በየቤቱ ያለው ስልክ ሁሉ የሚበላው ብር በወር ቢደመር የብዙ ቤት ወጪ ከቤት መስመር ሂሳብ አያንስም። ግን የቀን ሠራተኛ ብር የሚያገኘው በየቀኑ ነው፤ የመስመሩ ሂሳብ ደግሞ በወር አንድ ላይ ይመጣል።

ብር ያለውስ? ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንዲት የሁለት ተማሪዎች እናት ሁሉን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። መሰርሰሪያዬን ሳወጣ አከራይዋ በስልክ «ግድግዳዬ አይበሳም» አሉ። ለመንናቸው፣ እምቢ አሉ። ኬብሌን ጠቅልዬ ወጣሁ። ልጆቹ ዛሬም የሚያጠኑት በእናታቸው ስልክ ሆትስፖት ነው። እሷ ስትወጣ ኢንተርኔቱም አብሯት ይወጣል። እንግዲህ ይህቺን ሴት አቅም የላትም ልትሏት ነው?

የተፈቀደለትም ቢሆን ይፈራል። ነገ ኪራይ ተጨምሮበት ቢለቅ፣ የሚገባበት ሰፈር መስመር ባይኖርስ? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ስለዚህ ተከራዮች፣ ውሉን በጽሑፍ አድርጉት፤ መስመር ማስገባት እንደሚፈቀድላችሁም በግልጽ አጽፉ። አከራዮችም እባካችሁ ልብ በሉ፦ ቀዳዳው ከጣት አይወፍርም፣ በሲሊኮን ይደፈናል። መስመር ያለው ቤት ደግሞ ለሚቀጥለው ተከራይም ይጠቅማል።

«መብራት ሲሄድ ያው ይጠፋል።» የፋይበሩ ገመድ መብራት አይፈልግም፤ የሚፈልጉት ቤት ያሉት መሣሪያዎች ናቸው። ብዙዎቹ በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ትንሽ የራውተር (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን) ባትሪ ያቆያቸዋል። ቮልቱን መሣሪያው ላይ ሳታነቡ ግን አትግዙ።

«10 ሜጋ ከፍዬ 1 ብቻ ይወርድልኛል፣ ተበላሁ።» አልተበላችሁም። የምትከፍሉት በሜጋቢት ነው፣ ስልካችሁ ሲያወርድ የሚያሳየው በሜጋባይት። 8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው።

«ጓዳ አይደርስም፣ መስመሩ ደካማ ነው።» ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የአቀማመጥ ነው። ራውተሩ ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቆ አገኘዋለሁ። አውጡት፣ ከፍ አድርጋችሁ ቤቱ መሃል አስቀምጡት፣ ከዚያ ጓዳ ገብታችሁ ሞክሩ። ያኔም ካልሠራ ደውሉልን።