ሰው-ተኮር ኮምፒውቲንግ በአዳማ የመቆጣጠሪያ ክፍሎች

ሰው-ተኮር ኮምፒውቲንግ የኮምፒውተር ሥርዓቶችን ከሚገለገሉባቸው ሰዎች አቅም፣ ልማድና የሥራ ሁኔታ ተነሥቶ የሚቀርጽ የጥናትና የሙያ ዘርፍ ነው። ይበልጥ የሚያስፈልገው ማሽኑ አብዛኛውን ሥራ በራሱ እያከናወነ ኃላፊነቱ ግን በሰው ላይ በሚቀርበት ቦታ ሲሆን፣ አዳማ እንዲህ ያሉ ሥራዎች ከተሰባሰቡባቸው የኢትዮጵያ ከተሞች አንዷ ናት። በከተማዋ አቅራቢያ በሚገኙት ኮረብታዎች ላይ የተተከሉት የአዳማ አንድና የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ እንደ ቅደም ተከተላቸው 51 እና 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው፣ በድምሩ 136 ተርባይኖች አሏቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም በአዳማ ያልፋል። ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ ተርባይኑ ፊቱን ራሱ ያዞራል፤ ከልክ በላይ ሲበረታም የክንፎቹን ማዕዘን ለውጦ ይቆማል። ተረኛው ባለሙያ የሚፈለገው ማሽኑ ያልተዘጋጀበት ነገር ሲገጥመው ነው።

ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊዛን ቤይንብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳመለከቱት፣ ቀላሉ ሥራ ለማሽን ሲሰጥ ለሰው የሚተርፈው ከባዱ ነው፤ ያውም እጁ ከሥራው ርቆ በሰነበተበት ጊዜ። ኖርማን ማክወርዝ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጡት ጥናት ደግሞ አንድ ጠቋሚ ላይ ዓይኑን ተክሎ የሚጠብቅ ሰው ንቃት በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ «ተረኛው ተዘናግቶ ነው» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ ምርመራውን ያለጊዜው ይዘጋዋል።

ለኢትዮጵያውያን የጉዳዩ ክብደት ማስረጃ አያሻውም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች ሲያልቁ፣ የአንድ ጠቋሚ መሣሪያ የተሳሳተ ንባብ አውቶማቲክ ሥርዓቱ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች እንዲገፋ አድርጎ ነበር። አውሮፕላኑ መጀመሪያ ለገበያ ሲቀርብ ይህ ሥርዓት በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ እንኳ አልተብራራም።

በአገራችን የተለየ ትኩረት የሚሻው ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ከእኩለ ሌሊት ሲቆጥር እኛ ከንጋት እንቆጥራለን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የጮኸ ማንቂያ ስክሪኑ ላይ 02:00 ተብሎ ይመዘገባል፤ የሌሊቱ ተረኛ በርክክብ መዝገቡ ላይ «8:00» ብሎ ብቻ ከጻፈ፣ የጠዋቱ ተረኛ ስክሪኑ ላይ 08:00ን ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ የጠዋቱ 2 ሰዓት በመሆኑ ስድስት ሰዓት ሙሉ ይስታል። ቀኑም ይምታታል፤ ኮምፒውተሩ እኩለ ሌሊት ላይ ወደ ማግስቱ ሲሻገር፣ በልማዳችን ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነውና። ሁለቱን አቆጣጠሮች በአንድ መስመር ጎን ለጎን ማሳየት ለፕሮግራም አዘጋጁ ቀላል ሥራ ነው። ጉድለቱን ለማየት ግን ከተረኛው አጠገብ አንድ ሌሊት ማደርና የርክክብ መዝገቡን ገልጦ ማንበብ ያስፈልገዋል፤ ከዘርፉ መሠረታዊ የጥናት ስልቶች አንዱም ይኸው በሥራው ቦታ ተገኝቶ ማየት ነው።