ካንሰር «ቁም» ሲባል ለምን አይሰማም?

ጎንደር ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንዱ ጓደኛችን «ሰውነታችን ካንሰርን አያውቀውም እንዴ?» አለ። ያውቀዋል እንጂ! ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል ፕሮቲን ይለቃሉ፤ እሱ የካንሰሩ ሴል ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ጃክ1 እና ጃክ2 የተባሉ ኢንዛይሞች መልእክቱን ወደ ውስጥ ያሳልፉና የሴሉ መባዛት ይገታል። አንዳንዱ ሴል ግን የጃክ ዘረመሉ ተበላሽቷል። በሩ ይንኳኳል፣ ከፋች የለም።

ሌላው ደግሞ መልእክቱን ሰምቶ ፒዲ-ኤል1 የሚባል ፕሮቲን ላዩ ላይ ያወጣና ራሱን ቲ ሴሉን ያደነዝዘዋል። (አስቦበት እንዳይመስላችሁ፤ ይሄ ጤነኛ ሴልም ያለው መከላከያ ነው።) ይህን የሚያግዱ መድኃኒቶች አሉ፤ መነሻቸው የሆነው ምርምርም እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል አሸልሟል። ጃኩ የተበላሸ ዕጢ ላይ ግን እነሱም ብዙ ጊዜ አይሠሩም።