ለጥቂት መሸነፍ፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ቡድኖችና ደጋፊዎች ሽንፈትን እንዴት ይይዙታል

የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ሲባል እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም፣ ያ ሄልሜት አድርገው የሚጋጩበት፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ጨዋታ ነው፣ ተጫዋቾቹ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ተማሪ መሆናቸውን ከመጀመሪያው መያዝ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ቅዳሜ ማታ ከ80 ሺህ ሰው በላይ እያየው የተሳሳተ ልጅ ሰኞ ጠዋት ክላስ ይገባል። ነጥቡ እንዲህ ነው፦ ታችዳውን (ኳሷን የተጋጣሚ ሜዳ ጫፍ ውስጥ ማስገባት) 6፣ ከታችዳውን በኋላ ኳሷን በእግር መትተው ካስገቡ 1፣ ሮጠው ወይም ወርውረው ካስገቡ 2፣ ፊልድ ጎል (በጨዋታ መሃል ኳሷን በእግር መትቶ በጎሉ ምሰሶዎች መሃል ማሳለፍ) 3። ስለዚህ ልዩነቱ 8 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አንድ ጊዜ ኳስ ይዞ መውረድ ይበቃ ነበር ማለት ነው፣ ለጥቂት መሸነፍ የሚባለውም እሱ ነው።

ህመሙ ከካላንደሩ ይጀምራል። ፕሪሚየር ሊግ 38 ጨዋታ አለው፣ ዛሬ ብትሸነፍ በሳምንቱ ትክሳለህ። ኮሌጅ ፉትቦል ግን በመደበኛው ሲዝን 12 ጨዋታ ብቻ ነው ያለው፣ በሳምንት አንድ፣ ለዋንጫ የሚያልፉትም ለረጅም ጊዜ በጣም ጥቂት ነበሩ፦ ከ1998 እስከ 2013 ሲዝን ሁለት ቡድን ብቻ ተመርጦ ነው ፍጻሜ የሚጫወተው፣ ከ2014 ጀምሮ አራት ሆነ፣ በ2024 ነው 12 የገባው። በድሮው አሰራር ጥቅምት ላይ በአንድ ነጥብ የተሸነፈ ቡድን የዓመቱ ህልሙ እዚያው ሊቀበር ይችላል፣ ደጋፊው ደግሞ እስከሚቀጥለው ነሐሴ ያቺን አንዲት ምት እያሰበ ይከርማል።

ደጋፊው ሲሸነፍ የሚናገረውን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሮበርት ቺያልዲኒ የሚባል የሳይኮሎጂ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር በ1976 ያወጣው ጥናት አለ፣ በሰባት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ምን ለብሰው እንደሚመጡ ቆጠሩ፣ ቡድኑ ካሸነፈ በኋላ ባለው ሰኞ የዩኒቨርሲቲውን ስም ያለበት ልብስ የሚለብሰው ይበዛል። ተማሪዎችን በስልክ ስለ ጨዋታው ሲጠይቋቸው ደግሞ ድል ሲሆን "አሸነፍን" ነው መልሱ፣ ሽንፈት ሲሆን "ተሸነፉ" ይላሉ። በአማርኛም እኮ ያው ነው፣ አንዲት "ን" ትጠፋለች። በሰፊ ልዩነት ሲሸነፉ እንዲህ መራቅ ቀላል ነው፣ ቡድኑ ደካማ ነው ብለህ ትተዋለህ። ለጥቂት ሲሆን ግን መራቅም አትችልም፣ ድሉ በእጅህ ገብቶ ነበራ። ያኔ ነው ሰው የሚፈለገው፣ ጣት የሚቀሰርበት አንድ ሰው።

ያ ሰው ብዙ ጊዜ መቺው ነው፣ እነሱ ኪከር የሚሉት። ሌሎቹ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲጋጩ ሲወድቁ ይውላሉ፣ ብዙ ሰው ሲሳሳት ስህተቱ በግርግሩ ውስጥ ይጠፋል፣ ኪከሩ ግን ብቻውን ይወጣል፣ ስታዲየሙ ጸጥ ይላል፣ ይመታል፣ ትገባለች ወይ አትገባም። ምስክሩ ብዙ ነው፣ መደበቂያ የለውም።

እዚህ ላይ ኖቬምበር 30 ቀን 2013ን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አላባማ የሀገሪቱ አንደኛ ናት፣ ኦበርን አራተኛ፣ ጨዋታው ኦበርን ሜዳ ጆርዳን-ሄር ስታዲየም ነው። 28 ለ 28 ሆነው ሰዓቱ አለቀ ተብሎ ነበር፣ የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሴበን አንድ ሰከንድ ይቀረናል ብሎ ተከራከረ፣ ዳኞቹ ቪዲዮውን አይተው አንዷን ሰከንድ መለሱለት። በዚያች ሰከንድ አዳም ግሪፊዝ ከ57 ያርድ መታ፣ ኳሷ አጠረች፣ ከጎሉ ስር ቆሞ ይጠብቅ የነበረው የኦበርኑ ክሪስ ዴቪስ ያዛትና ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጦ አስቆጠረ። 34 ለ 28። ሴበን የለመናት ሰከንድ ናት ያሸነፈችው።

አሁን ቁጣው የት እንደሄደ ተመልከቱ። አላባማ በአራተኛው ሩብ 28 ለ 21 እየመራች፣ ኳሷን ይዛ ለመቀጠል አንድ ያርድ ቀርቷት ፊልድ ጎል መምታት ትታ በሩጫ ሞክራ ቆማለች፣ ሊያልቅ 32 ሰከንድ ሲቀር ደግሞ ተከላካዮቿ አንድ ሰው ባዶ ትተው እኩል አስደርገዋል። ያን ሁሉ የሚያነሳ ብዙም አልነበረም፣ መዓቱ የወረደው ቀደም ብሎ ሦስት ፊልድ ጎል ባልገባለት ኬድ ፎስተር ላይ ነው፣ ከሦስቱ አንዷን እንኳ የኦበርን ተጫዋቾች ናቸው የመለሱበት። ሶሻል ሚዲያ ላይ የግድያ ዛቻ ሳይቀር ደረሰው። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ከዚያ ከማይጠበቅ ሰው ደብዳቤ መጣለት፣ ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዳብልዩ ቡሽ፣ በእጅ የተጻፈ። ፎስተር የሚለብሰው ቁጥር 43 ነው፣ ቡሽም 43ኛው ፕሬዚዳንት ናቸው፣ በህይወት መሰናክል እንዳለ እሳቸውም እንደሚያውቁት፣ ከጊዜ በኋላ የበለጠ ጠንካራ ሰው እንደሚሆን ጽፈው ሌላኛው 43 ብለው ፈረሙ። እኔ ይሄን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይባባል፣ አንድ ሚሊዮን ሰው ሲጮህበት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ብዕር አነሳለት።

ፎስተር ብቻውን አይደለም። በኦክቶበር 2015 ሚሺጋን ከሚሺጋን ስቴት ጋር 23 ለ 21 እየመራች 10 ሰከንድ ቀርቷት አውስትራሊያዊው ብሌክ ኦኔል በእግር ሊመታ የተወረወረለትን ኳስ በደንብ ሳይዘው አመለጠው፣ ተጋጣሚ አንስቶ ሮጠ፣ 27 ለ 23 አለቀ። ያው ልጅ በዚያው ቀን 80 ያርድ የሄደ ምት መትቶ ነበር፣ ማን ያስታውሰዋል። ስድቡና ዛቻው ሲበዛ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ኃላፊ ጂም ሃኬት ለደጋፊው ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ከልጁ ላይ ውረዱ አሉ። ከዚያ በፊት በ2010 ቦይዚ ስቴት ሳይሸነፍ መጥቶ ኔቫዳ ላይ በኦቨርታይም (እኩል ሲወጡ በሚጨመረው ጨዋታ) 34 ለ 31 ሲወድቅ ካይል ብሮትዝማን ከ26 እና ከ29 ያርድ ሳተ፣ እሱም ተዛተበት፣ ግን የራሱ ደጋፊዎች ፌስቡክ ላይ ተሰባስበው እንወድሃለን አሉት። ከተማው ሁለት ዓይነት ሰው ነበረበት ማለት ነው።

ነገሩን ያባባሰው ውርርድ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ስፖርት ላይ መወራረድን የሚከለክለውን የፌዴራል ህግ ከሻረ ወዲህ በየስቴቱ ተስፋፋ፣ ስልኩ ላይ ብር ያስያዘ ሰው ሲበላ በቀጥታ ልጁ ኢንስታግራም ላይ ገብቶ ይሳደባል። የኮሌጅ ስፖርቱን የሚያስተዳድረው ማህበር ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር በ2024 በግለሰብ ተማሪ ተጫዋቾች ላይ የሚደረገው ውርርድ በየስቴቱ እንዲከለከል ጠይቀዋል። አዲስ አበባ ላይ ቤቲንግ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ይሄ አይጠፋውም።

ንዴቱ ከስታዲየም ውጪም ይወጣል። ኦዝካን ኤረንና ናቺ ሞካን የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች የሉዊዚያና ፍርድ ቤቶችን መዝገብ አገላብጠው ኤልኤስዩ (የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቡድን) ሳይጠበቅ በተሸነፈ ሳምንት የወጣት ጥፋተኞች ቅጣት እንደሚከብድ አገኙ፣ በተለይ ዳኛው ራሱ እዚያ የተማረ ከሆነ። ልጁ ስለ ፉትቦል የሚያውቀው ነገር ላይኖር ይችላል።

ቡድኖቹ ውስጥ ያለው ነገር ከውጪው ረጋ ያለ ነው። ብዙ አሰልጣኞች የ24 ሰዓት ህግ አላቸው፣ ድልም ይሁን ሽንፈት በ24 ሰዓት ውስጥ ጨርሰኸው ወደ ቀጣዩ ተጋጣሚ ትዞራለህ። እሁድ ቪዲዮው ይታያል፣ እያንዳንዱ ተጫዋች በእያንዳንዷ እንቅስቃሴ ማርክ ይሰጠዋል፣ እዚያ ላይ ነው እውነቱ የሚወጣው፣ ጨዋታው በመጨረሻዋ ምት ሳይሆን በሁለተኛው ሩብ በተዝረከረከች ኳስ፣ በማያስፈልግ ቅጣት፣ ሰዓት ባለመቆጠብ እንደተበላ። ጥሩ አሰልጣኝ ጋዜጠኛ ፊት ጥፋቱን ራሱ ይወስዳል፣ ክፍል ውስጥ ግን ሁሉም የየድርሻውን ያያል።

ሽንፈት ሁሉ ዋጋው እኩል አይደለም፣ 2011 ይሄን በደንብ ያሳያል። ኖቬምበር 5 አላባማ በሜዳዋ በኤልኤስዩ 9 ለ 6 በኦቨርታይም ተሸነፈች፣ አራት ፊልድ ጎል አልገባላትም፣ ሦስቱ የዚያው የፎስተር ናቸው። ግን ያሸነፋት የሀገሪቱ አንደኛ ስለነበር ብዙም ሳትወርድ ቀረች። በኖቬምበር 18 ደግሞ ሳትሸነፍ የመጣችው ኦክላሆማ ስቴት በአዮዋ ስቴት 37 ለ 31 በሁለተኛ ኦቨርታይም ተሸነፈች፣ ያውም የዩኒቨርሲቲው የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሰልጣኞች በአውሮፕላን አደጋ በሞቱ ማግስት። ሁለቱም ለጥቂት ነው የተሸነፉት፣ ለፍጻሜ የተመረጠችው ግን አላባማ ሆነች፣ ኤልኤስዩን 21 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫ ወሰደች፣ ጄረሚ ሸሊ ብቻውን አምስት ፊልድ ጎል አስገባ። የኦክላሆማ ስቴት ሰዎች እስካሁን ያንገበግባቸዋል፣ እውነታቸውን ነው።

ግን ለጥቂት መሸነፍን ከሁሉ በላይ የሚያውቅ አንድ ቦታ ጥቀስ ብባል ነብራስካን ነው የምለው። በጃንዋሪ 1984 ኦሬንጅ ቦል በሚባለው የሲዝን መጨረሻ ጨዋታ ላይ ከማያሚ ጋር 31 ለ 24 እየተመሩ 48 ሰከንድ ሲቀር አስቆጠሩና 31 ለ 30 ሆነ። ያኔ ኦቨርታይም የለም፣ አሰልጣኙ ቶም ኦስበርን አንዷን ነጥብ አስመትቶ እኩል ቢወጣ ሳይሸነፍ ስለሚጨርስ ዋንጫው የሱ ነበር ማለት ይቻላል። እሱ ግን በእኩል ውጤት ዋንጫ መውሰድ አልፈለገም፣ ለሁለት ሄደ፣ ኳሷ በተከላካይ እጅ ተነክታ ወደቀች። ዋንጫው አመለጠ፣ ሰው ለኦስበርን ያለው ክብር ግን በዚያች ቀን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ከአስር ዓመት በኋላ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1994፣ እዚያው ኦሬንጅ ቦል፣ ከቦቢ ባውደኑ ፍሎሪዳ ስቴት ጋር። ሊያልቅ 1 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲቀር ነብራስካ 16 ለ 15 መራች፣ ፍሎሪዳ ስቴት 21 ሰከንድ ሲቀር ፊልድ ጎል አስገብታ 18 ለ 16 አደረገችው፣ የነብራስካው ባይረን ቤኔት በመጨረሻዋ ሰከንድ ከ45 ያርድ መትቶ ወደ ግራ ወጣበት። ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ነው የሚገርመኝ፦ ክረምቱን ሙሉ ሲሰሩ የስታዲየሙ ሰሌዳ ላይ 1:16 አበሩ። ክብደት አንስተው፣ ሮጠው፣ ላብ በላብ ሆነው ቀና ሲሉ ያቺ ቁጥር አለች። የቤኔት ስም አይደለም የተሰቀለው፣ ሁሉም አብሮ የነበረበት ደቂቃ ነው። በሚቀጥለው ሲዝን አንድም ሳይሸነፉ ማያሚን 24 ለ 17 አሸንፈው ዋንጫ ወሰዱ፣ በ1995 እና በ1997ም ደገሙት።

የ1997ቱ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ስኮት ፍሮስት ነበር፣ በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ፣ እዚህ ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። በ2021 ነብራስካ 3 አሸንፋ 9 ተሸነፈች፣ ዘጠኙም በ9 ነጥብና ከዚያ በታች፦ በሚሺጋን 32 ለ 29፣ በሚሺጋን ስቴት 23 ለ 20፣ በኦክላሆማ 23 ለ 16፣ እያለ ይሄዳል። ያስቆጠረችውና የተቆጠረባት ሲነጻጸር 63 ነጥብ ትርፍ አላት፣ 9 ጊዜ ተሸንፋ! ሰው ሁለት ቦታ ተከፈለ፣ አንዱ ዕድል ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ይገለበጣል አለ፣ ቁጥር የሚያዩ ሰዎችም ለጥቂት የሚያልቅ ጨዋታ ከዓመት ዓመት ወደ ግማሽ በግማሽ ይመለሳል ይላሉ። ሌላው ልማድ ነው አለ። ዩኒቨርሲቲው ኮንትራቱን ቀይሮ ፍሮስትን አቆየው። በ2022 ደብሊን ላይ 28 ለ 17 እየመራ ባላስፈለገ ቦታ ኳሷን መልሶ ለመያዝ አጭር ምት አስመትቶ ኳሷን ለኖርዝዌስተርን ሰጠ፣ 31 ለ 28 ተሸነፈ፣ ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ በሜዳው በጆርጂያ ሳዘርን 45 ለ 42። በማግስቱ ተባረረ። እስከ ኦክቶበር 1 ቢታገሱ ካሳው ከ15 ወደ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ይወርድላቸው ነበር፣ ሦስት ሳምንት እንኳ መጠበቅ አልቻሉም። ፍሮስት ነብራስካ በቆየባቸው ዓመታት ለጥቂት ባለቁ ጨዋታዎች ውጤቱ 5 ድል 22 ሽንፈት ነው፣ ይሄን ያህል ሲሆን ዕድል ማለት ይከብዳል፣ እኔ ልማድ ካሉት ጋር ነኝ።

ደጋፊው ግን አልሄደም። ሊንከን ከተማ ያለው ሜሞሪያል ስታዲየም ትኬቱ ከኖቬምበር 1962 ጀምሮ ሳይሸጥ ቀርቶ አያውቅም። የድሮ ልማዳቸው ደግሞ ጨዋታ ሲያልቅ እንግዳው ቡድን ከሜዳ ሲወጣ ቆመው ማጨብጨብ ነው፣ አሸንፎም ቢሆን። በጥቂት ነጥብ ተበልተህ፣ ቆሽትህ አርሮ፣ ለበላህ ልጅ ማጨብጨብ ቀላል ነገር አይደለም። በሴፕቴምበር 2024 ትኬቱ ተሸጦ ያለቀበት ተከታታይ ጨዋታ 400 ሞላ፣ ስታዲየሙ ቀይ በቀይ ሆኖ አደረ፣ ኢሊኖይ በኦቨርታይም 31 ለ 24 አሸነፋቸው። 401ኛውም ሞላ።