የአድማጭ አስተያየት በሕዝብ ሬዲዮ

የአድማጭ አስተያየት አንድ ሰው የሰማውን የሬዲዮ ዝግጅት አስመልክቶ በደብዳቤ፣ በስልክ፣ በኢሜይል ወይም በድምፅ መልእክት ለጣቢያው የሚያደርሰው ምስጋና፣ ቅሬታ፣ እርማት ወይም ሐሳብ ነው። የንግድ ሬዲዮ ገቢውን የሚያገኘው ከማስታወቂያ በመሆኑ ዝግጅቱን ስንት ሰው ሰማው የሚለው ቁጥር ከሁሉ በላይ ይመዝናል። የሕዝብ ሬዲዮ ግን በመንግሥት ድጎማ፣ ከየቤተሰቡ በሚሰበሰብ ክፍያ ወይም በአድማጮች መዋጮ የሚተዳደር ስለሆነ አድማጩ ከተጠቃሚነትም አልፎ የአገልግሎቱ ባለቤት ነው። በመሆኑም አስተያየቱ ባለቤት ለሠራተኛው የሚያቀርበው ጥያቄ ነው፤ ጣቢያው ለጥያቄው የሚሰጠው መልስም የተቋሙን ጤንነት ከማናቸውም የአድማጭ ቁጥር በተሻለ ያሳያል።

የሕዝብ ሬዲዮ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከቢቢሲ ይጀምራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ድርጅቱ በ1922 በኩባንያነት ተመሥርቶ፣ በጃንዋሪ 1927 በንጉሣዊ ቻርተር ወደ ሕዝባዊ ኮርፖሬሽንነት ተለወጠ። የመጀመሪያው ዋና ዳይሬክተር ጆን ሪት ሬዲዮ ለአድማጩ የሚወደውን ብቻ ሳይሆን የሚጠቅመውንም ማቅረብ አለበት ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር። ይህ እምነት ከፍ ያለ ደረጃ ያላቸውን ዝግጅቶች ያስገኘ ቢሆንም፣ አድማጩን መጠየቅ ብዙም አስፈላጊ እንዳልሆነ የሚያስቆጥር ገጽታም ነበረው። ወደ ድርጅቱ በብዛት የሚጎርፉት ደብዳቤዎችም የጸሐፊዎቻቸውን ስሜት እንጂ የአድማጩን ሕዝብ አጠቃላይ አመለካከት አያሳዩም ነበር፤ ደብዳቤ የሚጽፈው ወይ በጣም የተደሰተ ወይ በጣም የተቆጣ ሰው ነውና። ድርጅቱ በ1936 ሮበርት ሲልቪ የተባለውን ባለሙያ ቀጥሮ የአድማጭ ጥናት ክፍል ያቋቋመው በዚህ ምክንያት ነበር። ክፍሉ ከ1939 መጨረሻ ጀምሮ ከሕዝቡ መካከል በናሙና የተመረጡ ሰዎችን ትናንት ምን እንደሰሙ በየዕለቱ መጠየቅ ጀመረ፤ ከዚህ ጎን ለጎን ፈቃደኛ አድማጮች የሰሟቸውን ዝግጅቶች ምን ያህል እንደወደዷቸው የሚገልጹበትን አሠራር ዘረጋ።

በዚያን ጊዜ የተለዩት እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች፣ ማለትም ስንት ሰው ሰማ የሚለውና የሰሙት ምን ተሰማቸው የሚለው፣ ዛሬም እየተምታቱ ብዙ ስሕተት ያስከትላሉ። የመጀመሪያው በመለኪያ ይመለሳል። ለዚህም የተመረጡ ሰዎች ለአንድ ሳምንት ያዳመጡትን በማስታወሻ ይመዘግባሉ፤ በአንዳንድ ከተሞችም በሰውነት ላይ የሚያዝ አነስተኛ መሣሪያ በሥርጭቱ ውስጥ የተደበቀውን ምልክት እየለየ የትኛው ጣቢያ እንደተሰማ ይመዘግባል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ሬዲዮው ተከፍቶ እንደነበረ እንጂ ሰውየው እየተናደደ ያዳምጥ እንደነበረ፣ ወይም ከዝግጅቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲያሰላስል እንደዋለ ሊናገር አይችልም። ጥቂት አድማጭ ያለው ዝግጅት ለእነዚያ ጥቂቶች የማይተካ ሊሆን ይችላል፤ የሕዝብ ሬዲዮ እንዲህ ያለውን ዝግጅት ጠብቆ ማቆየት ካልቻለ ከንግዱ ጣቢያ የሚለይበት ምክንያት ይጠፋል።

በአሜሪካ የአድማጩ ቃል ከገንዘቡ ጋር የተሳሰረው በሌላ መንገድ ነው። ሉዊስ ሂል የተባለ ሰው ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1949 በካሊፎርኒያ በርክሌይ ኬፒኤፍኤ የተባለውን ጣቢያ ሲከፍት ማስታወቂያም የመንግሥት ድጎማም ሳይቀበል በአድማጮች መዋጮ ብቻ እንዲተዳደር ወሰነ። ጣቢያውን መስማት ከሚችለው ሕዝብ ውስጥ 2 በመቶው በየዓመቱ ቢያዋጣ በቂ ነው የሚል ስሌትም ነበረው። ስሌቱ ግን ወዲያው አልሠራም፤ በ1950 ጣቢያው ገንዘብ አልቆበት ሥርጭቱን አቋረጠ። እንደገና አየር ላይ ሊውል የቻለው ድምፁ የናፈቃቸው አድማጮች ገንዘብ አሰባስበው በ1951 ሥራውን እንዲቀጥል ስላደረጉ ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ የአድማጭ አስተያየት ማግኘት ያስቸግራል።

በዚያው አገር በ1967 የወጣው የሕዝብ ሥርጭት ሕግ ለሬዲዮም ለቴሌቪዥንም የፌዴራል ድጎማ በር ከፈተ፤ በ1970 የተመሠረተው ብሔራዊ የሕዝብ ሬዲዮ ኤንፒአርም በሜይ 3 ቀን 1971 የምሽት የዜና መጽሔት ዝግጅቱን ጀመረ። አባል ጣቢያዎቹ በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ሳምንታት ዝግጅታቸውን እያቋረጡ አድማጩ እንዲያዋጣ ይለምናሉ። እነዚህ ሳምንታት ለጣቢያዎቹ የህልውና ጉዳይ ሲሆኑ ለብዙ አድማጮች ግን ዋነኛ የቅሬታ ምንጭ ናቸው። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ በአንድ ቃለ ምልልስ መካከል ገብቶ ለደቂቃዎች ስለ ገንዘብ ማውራት የዝግጅቱን ሐሳብ ይቆርጣል። አንዳንድ ጣቢያዎች የልመናውን ቀናት ያሳጠሩትም ይህን የአድማጮች ምሬት ሰምተው ነው።

አድማጮች ከሁሉ ይልቅ ስለ ምን ይጽፋሉ ቢባል፣ ከይዘቱ ባላነሰ ስለ ድምፅ ነው። የአንባቢው አነጋገር፣ የአንድ ስም አጠራር፣ ንግግሩን የሸፈነ ሙዚቃ፣ ጠያቂው እንግዳውን ማቋረጡ ዘወትር ይነሣሉ። ሬዲዮ የሚደርሰው በጆሮ ብቻ በመሆኑና የተናጋሪው ድምፅ ቤት ውስጥ እንደሚቀመጥ እንግዳ ስለሚቆጠር፣ አድማጩ ለጋዜጣ የማያነሣውን ጥያቄ ለሬዲዮ ያነሣል። ከእነዚህ አስተያየቶች ብዙዎቹ ትክክል ናቸው፤ ስም አሳስቶ መጥራት የስሙን ባለቤት ማቃለል ነው፣ ንግግር የሚውጥ ሙዚቃም የመስማት ችግር ያለበትን አድማጭ ከዝግጅቱ ያስወጣል። ሌሎቹ ግን አድማጩ የለመደውን ብቻ እንደ ትክክለኛ ከመቁጠር የሚመነጩ ናቸው። ቢቢሲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በ1941 ዊልፍሬድ ፒክልስ የተባለውን የዮርክሺር ሰው ብሔራዊ ዜና እንዲያነብ ባደረገ ጊዜ፣ የሰሜን እንግሊዝ አነጋገሩ ከብዙ አድማጮች ተቃውሞ ገጠመው፤ በዚህ ድምፅ የተነበበ ዜና አያሳምነንም ያሉም ነበሩ። ሱዛን ስታምበርግ በ1972 የኤንፒአርን የምሽት ዝግጅት መምራት ስትጀምርም፣ የሴት ድምፅ ለዜና የሚመጥን ክብደት የለውም የሚል ተቃውሞ ከራሳቸው ከጣቢያ ኃላፊዎች ተሰምቶ ነበር። እርሷ ግን ሥራዋን ለአሥርተ ዓመታት ቀጥላ ከጣቢያው በጣም የሚወደዱ ድምፆች አንዷ ሆነች። ከዚህ የምንረዳው አዘጋጁ ቅሬታን ሁሉ ማክበር ሲኖርበት ቅሬታን ሁሉ መፈጸም ግን እንደማይገባው ነው፤ አብዛኛው ሰው ያልለመደው ድምፅ የሚለመደው አየር ላይ ሲቆይ ብቻ ነውና።

የአንድ ነጠላ አስተያየት ኃይል ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ደግሞ በኒው ዮርክ ደብሊውቢኤአይ ጣቢያ ላይ የደረሰው ያሳያል። በኦክቶበር 30 ቀን 1973 ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ጣቢያው ስለ ኅብረተሰቡ የቋንቋ አጠቃቀም በሚያወሳ ዝግጅት ውስጥ የአንድ ቀልደኛን ጸያፍ ቃላት የበዙበት ንግግር አስተላለፈ። ከልጁ ጋር በመኪና ሲጓዝ ይህን የሰማ አንድ አባት ከሳምንታት በኋላ የአገሪቱን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሥርጭት ለሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ቅሬታውን ጻፈ። ኮሚሽኑ በ1975 ቅሬታውን ተቀብሎ ጣቢያውን ተጠያቂ አደረገ፤ ጉዳዩ በይግባኝ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1978ም ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ለኮሚሽኑ ወሰነ። ልጆች ሊሰሙ በሚችሉባቸው ሰዓታት ምን ሊተላለፍ እንደሚችል የሚወስነው የአገሪቱ ሕግ እስከ ዛሬ በዚህ ፍርድ ላይ ይቆማል። በውሳኔው የሚስማማም የማይስማማም አለ፤ የደብዳቤው አጻጻፍ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ጸሐፊው ጣቢያው በጠቅላላው መጥፎ ነው ብሎ አላለፈም፤ የተወሰነ ቀን፣ የተወሰነ ሰዓትና የተወሰነ ዝግጅት ጠቅሶ ሊጣራ የሚችል ነገር አቀረበ።

በጋራ የሚቀርብ አስተያየት ውጤቱ እንደየሁኔታው ይለያያል። ኤንፒአር በ2004 የጠዋቱን ዝግጅት ከ1979 ጀምሮ የመራውን ቦብ ኤድዋርድስን ከቦታው ሲያነሣ በሺዎች የሚቆጠሩ አድማጮች ተቃውሟቸውን ቢልኩም ውሳኔው አልተቀየረም። በአንጻሩ ቢቢሲ በማርች 2010 ሲክስ ሚውዚክ የተባለውን የዲጂታል ሬዲዮ ጣቢያ ሊዘጋ ማሰቡን ባስታወቀ ጊዜ አድማጮች ያነሡት ተቃውሞ ፍሬ አፈራ። ጣቢያውን ጨርሶ የማያውቁት ሰዎች በጫጫታው ምክንያት ማዳመጥ ጀምረው ሳምንታዊ አድማጩ ከ1 ሚሊዮን አለፈ፤ የድርጅቱ የበላይ አካልም በጁላይ የመዝጋቱን ሐሳብ ውድቅ አደረገ። ሁለቱን የሚለያቸው የተቃዋሚው ብዛት ብቻ አይመስለኝም። በሁለተኛው ጉዳይ ከሥራ አስኪያጆቹ በላይ ሆኖ የሕዝቡን ሐሳብ በይፋ ሰብስቦ መመርመር ግዴታው የሆነ አካል ነበር፤ በመጀመሪያው ግን እንዲህ ያለ አካል አልነበረም።

ለዚህም ነው አስተያየትን የሚቀበልና የሚመረምር የተለየ ተቋም መኖሩ ወሳኝ የሚሆነው። የቢቢሲ ሬዲዮ 4 ከ1979 ጀምሮ የአድማጮችን ቅሬታ ራሱ አየር ላይ አውጥቶ አዘጋጆችን የሚጠይቅ ሳምንታዊ ዝግጅት አለው፤ አዘጋጁ በአድማጭ ፊት ቀርቦ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሲያስረዳ መስማት በጽሑፍ ከሚላክ የተለመደ የምስጋና ምላሽ እጅግ ይበልጣል። ከኤፕሪል 2017 ወዲህ ደግሞ በቢቢሲ መልስ ያልረካ ቅሬታ አቅራቢ ጉዳዩን ኦፍኮም ወደተባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሊወስደው ይችላል። ኤንፒአር በ2000 እንባ ጠባቂ ሾሟል፤ የዚህ ሰው ሥራ ከአዘጋጆቹ ነጻ ሆኖ የአድማጩን ቅሬታ መርምሮ ያገኘውን በይፋ መጻፍ ነው። በጀርመን ከሃይማኖት ተቋማት፣ ከሠራተኛ ማኅበራትና ከሌሎች የኅብረተሰብ ክፍሎች የተውጣጡ ምክር ቤቶች ጣቢያዎቹን ይቆጣጠራሉ። በስዊዘርላንድ ደግሞ ጉዳዩ እስከ ሕዝበ ውሳኔ ደርሶ፣ በማርች 4 ቀን 2018 የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ ይቅር የሚለውን ሐሳብ ድምፅ ከሰጡት መካከል 71.6 በመቶው ተቃውመውታል።

ከቅሬታዎች ሁሉ ለመመርመር የሚያስቸግረው የሚዛናዊነት ጥያቄ ነው። አንድን ቃለ ምልልስ የሰሙ ሁለት አድማጮች አንዱ ለዚህ ወገን አደላ፣ ሌላው ለዚያኛው አደላ ብለው በአንድ ቀን ሊጽፉ ይችላሉ። አንዳንድ አዘጋጆች ከሁለቱም ወገን ከተወቀስን ሚዛኑን ጠብቀናል ማለት ነው ይላሉ፤ ይህ ግን የሰነፍ መልስ ነው፣ አንደኛው ወቃሽ ትክክል ሌላው የተሳሳተ ሊሆን ይችላልና። ትክክለኛው መንገድ የተላለፈውን ቅጂ እንደገና ማዳመጥ፣ እያንዳንዱ እንግዳ ምን ያህል ጊዜ እንደተሰጠው መመዝገብ፣ የተነገረው እውነት መሆኑን ማጣራት፣ ስሕተት ከተገኘም ስሕተቱ በተላለፈበት ሰዓት ማረም ነው። እርማት በሌሊት ሥርጭት ወይም ማንም በማያየው ገጽ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ስሕተቱን የሰማው ሰው እርማቱን አይሰማም።

የአድማጩ ድርሻ በቅርቡ በአሜሪካ ይበልጥ ከብዷል። የአገሪቱ ምክር ቤት በጁላይ 2025 የፌዴራሉን ድጎማ ለጣቢያዎች ያከፋፍል ለነበረው የሕዝብ ሥርጭት ኮርፖሬሽን ተፈቅዶ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር የሚሰርዝ ሕግ አጽድቋል፤ ኮርፖሬሽኑም በቀጣዩ ወር ሥራውን ደረጃ በደረጃ እንደሚያቆም አስታውቋል። በድጎማው ላይ የተመኩ አነስተኛ የገጠር ጣቢያዎች ከእንግዲህ የሚተማመኑት በዋናነት በአካባቢያቸው አድማጮች መዋጮ ነው። ይህ አድማጩን ወደ ጣቢያው ሊያቀርበው ይችላል፤ ነገር ግን ብዙ የሚያዋጣው ሰው አስተያየት ቶሎ እየተሰማ የማያዋጣው፣ ወይም ማዋጣት የማይችለው፣ ቅሬታ ወደ ኋላ የሚቀርበትን አደጋም ይዞ ይመጣል። ከሚያዋጣውም ከማያዋጣውም የሚመጡትን ደብዳቤዎች የሚቀበለው ሠራተኛ የላኪውን የመዋጮ መዝገብ ሳይመለከት እንዲያነባቸው የሚያዝ ግልጽ ደንብ ያላቸው ጣቢያዎች ከዚህ አደጋ በተሻለ ይጠበቃሉ።