ባፈር መጋራት፦ መተግበሪያና የማሳያ ሰርቨር በአንድ ሜሞሪ

ባፈር መጋራት አንድ መተግበሪያ የሳለውን ምስል ሳይገለብጥ፣ ምስሉ ያረፈበትን ሜሞሪ (ባፈሩን) ራሱን ለማሳያ ሰርቨር የሚያስረክብበት አሠራር ነው። የማሳያ ሰርቨር የየመስኮቱን ምስል ሰብስቦ፣ አቀናብሮ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ ይህን ሥራ ለረጅም ዘመን ኤክስ 11 ሠርቶታል፤ ዛሬ ቦታውን እየተረከበ ያለው የዌይላንድ ኮምፖዚተር ነው። ዌይላንድ መተግበሪያና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ (ፕሮቶኮል) ነው፤ ኮምፖዚተር የሚባለው በዚህ ደንብ የሚሠራው የማሳያ ሰርቨር ነው። ስለ ጉዳዩ በአማርኛ የተጻፈ ማጣቀሻ በቀላሉ ስለማይገኝ ይህ ዳሰሳ ተሰናድቷል። ትኩረቱ ሊኑክስ ላይ ነው፤ ኮዱ ክፍት ስለሆነ ጅማ፣ ቂቶ ፉርዲሳ ግቢ የተቀመጠ የቴክኖሎጂ ተማሪ ድራይቨሩን ከጻፈው ሰው እኩል ገልጦ ሊያነበው ይችላል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጅማ ላይ ቡና የነገደ ሰው ነገሩ አይከብደውም። መጋዘን ሙሉ ቡና የሸጠ ነጋዴ ጆንያውን አንድ በአንድ አሸክሞ ወደ ገዢው መጋዘን ማዞር ይችላል፤ ወይም የመጋዘኑን ቁልፍ ከነዝርዝሩ አስረክቦ ይገላገላል። ባፈር መጋራት ሁለተኛው ነው። ሜሞሪው ካለበት አይነቃነቅም። የሚሄደው ቁልፉ፣ ማለትም ፋይል ዲስክሪፕተር የሚባለው ቁጥር፣ እና የይዘቱ መግለጫ ነው፤ ስፋት፣ ቁመት፣ የአንድ መስመር ርዝመት በባይት፣ የቀለም አቀማመጥ። በተግባር የሚያጋጥሙ ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚሁ መግለጫ ወይም ቁልፉ ከሚመለስበት ሰዓት ነው።

መገልበጥ ለምን ይከብዳል

ተማሪ እጅ ላይ በብዛት የሚታየው ላፕቶፕ ስክሪኑ 1366 በ768 ፒክስል ነው፤ ግራፊክሱም ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። አንድ ፒክስል 4 ባይት ሲይዝ አንድ ሙሉ ስክሪን 4,196,352 ባይት ይሆናል። በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ አንዱ ቅጂ ብቻ በየሰከንዱ 252 ሚሊዮን ባይት ያህል ማንበብና ያንኑ ያህል መጻፍ ይጠይቃል። ስክሪኑ 1920 በ1080 ከሆነ ወደ 498 ሚሊዮን ይደርሳል። በድሮው የኤክስ 11 መንገድ ደግሞ ምስሉ በሶኬት (ፕሮግራሞች መልእክት በሚለዋወጡበት መስመር) ስለሚያልፍ ቅጂው አንድ ብቻ አልነበረም፤ ከመተግበሪያው ወደ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት)፣ ከከርነል ወደ ሰርቨሩ፣ ከሰርቨሩም ጂፒዩው (የግራፊክስ ፕሮሰሰሩ) ወደሚያነበው ቦታ ይገለበጣል። አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፣ ከዚያው ከራም ይካፈላል። ስለዚህ ያንኑ ራም ከአንድ ጥግ ወደ ሌላ ጥግ ማጋዝ ባትሪ ከመጨረስና ማራገቢያውን ከማስጮህ በቀር ፋይዳ የለውም።

እንዴት እዚህ ደረሰ

ኤክስ 11 የወጣው በ1987 ነው። መተግበሪያውና ስክሪኑ በተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ ሊሆኑ ይችላሉ ተብሎ ስለተነደፈ ሜሞሪ መጋራት በመነሻው ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። በኋላ የመጣው ኤምአይቲ ኤስኤችኤም የተባለ ቅጥያ ሁለቱ በአንድ ማሽን ላይ ሲሆኑ የሶኬቱን ጉዞ አስቀረ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በታኅሣሥ ወር 2008 ከርነል 2.6.28 ጌም የተባለውን የግራፊክስ ሜሞሪ አስተዳዳሪ ይዞ ሲወጣ ነው። ጌምን ያዘጋጁት በኢንቴል ይሠሩ የነበሩት ኤሪክ አንሆልትና ኪት ፓካርድ ናቸው። በጌም አንድን ባፈር ለሌላ ፕሮግራም ማጋራት የሚቻለው ፍሊንክ በሚባል 32 ቢት ቁጥር ነበር፤ በክሪስቲያን ሆግስበርግ የተጀመረው ዲአርአይ 2ም፣ ማለትም የኤክስ መተግበሪያ በቀጥታ በጂፒዩ እንዲስል የሚያደርገው ቅጥያ፣ በዚሁ ቁጥር ይጠቀማል። ችግሩ ግልጽ ነው። ቁጥሩ ቁልፍ አይደለም፣ የመጋዘኑ በር ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። የግራፊክስ ካርዱን የመክፈት ፈቃድ ያለው ማንኛውም ፕሮግራም ቁጥሮቹን በተራ እየሞከረ የሌላውን መስኮት ምስል ማየት ይችል ነበር።

መፍትሔው ዲኤምኤ ባፍ ነው። በ2012 በከርነል 3.3 ገባ። መጀመሪያ የታሰበው መሣሪያ ከመሣሪያ ጋር ለማገናኘት ነበር፤ ካሜራው የቀረጸውን ጂፒዩው እንዲያቀናብረው፣ ጂፒዩው ያቀናበረውን የማሳያ ክፍሉ እንዲያወጣው። ዲኤምኤ ባፍ ባፈርን ፋይል ዲስክሪፕተር ያደርገዋል። ዲስክሪፕተር ደግሞ በግምት አይገኝም፣ የያዘው ፕሮግራም በዩኒክስ ሶኬት አሳልፎ ካልሰጠ በስተቀር። ፓካርድ በ2013 ያዘጋጀው ዲአርአይ 3 ይህን ወደ ኤክስ አመጣው፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከወጣው የኤክስ ሰርቨር 1.15 ጀምሮ ይገኛል። ዌይላንድን በ2008 የጀመረው ያው ሆግስበርግ ሲሆን የ1.0 እትሙ በ2012 ወጣ። ዌይላንድ ከጥንስሱ ባፈር መጋራትን መሠረት ያደረገ በመሆኑ ንድፉ ንጹሕ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሲፒዩ (በዋናው ፕሮሰሰር) ለሚስል መተግበሪያ

ዌይላንድ ሁለት መንገድ ይሰጣል። ቀላሉ ኤስኤችኤም (የጋራ ሜሞሪ) ነው፤ ጂፒዩ አያስፈልገውም፣ ማንኛውም ኮምፖዚተርም ሊደግፈው ግድ ነው። ጀማሪ በዚህ ቢነሳ ይመከራል።

መተግበሪያው ሜምኤፍዲ ክሪኤት በሚባለው የከርነል ጥሪ ስም የሌለው የሜሞሪ ፋይል ይከፍታል። ጥሪው ከከርነል 3.17 ጀምሮ አለ። ፋይሉን የሚፈለገው መጠን ላይ ያደርሳል፤ ለሁለት ሙሉ ስክሪን 8,392,704 ባይት ይበቃል። ቀጥሎ ኤምማፕ አድርጎ ወደ ራሱ አድራሻ ያመጣዋል፣ ዲስክሪፕተሩንም ለኮምፖዚተሩ ልኮ ፑል (ባፈሮች የሚቆረጡበት የሜሞሪ ክምችት) ያስፈጥራል። ከፑሉ ውስጥ መነሻ፣ ስፋት፣ ቁመት፣ ስትራይድ (የአንድ መስመር ርዝመት በባይት) እና ፎርማት (የቀለም አቀማመጥ) ሰጥቶ ባፈር ይቆርጣል። ከሳለ በኋላ ባፈሩን ከመስኮቱ ጋር ያያይዘዋል፣ የተቀየረውን ቦታ ያሳውቃል፣ በመጨረሻም ኮሚት (ለውጡ ይጽና) ይላል። የተቀየረውን ቦታ ማሳወቅ የተረሳ እንደሆነ ስክሪኑ ላይ አሮጌው ምስል ይቀራል፤ ጀማሪውን ግማሽ ቀን ሊያደክመው የሚችል ስህተት ነው።

ፑሉ ማደግ እንጂ ማነስ አይፈቀድለትም። መተግበሪያው ፋይሉን ከጀርባ ቢያሳንሰው ኮምፖዚተሩ የሌለ ሜሞሪ ሲያነብ ሲግባስ የሚባል ምልክት ይመጣበታል፤ ካልተጠነቀቀ ከነሁሉም መስኮቶች ይወድቃል። ጥንቃቄው ፋይሉ እንዳያንስ ማኅተም ማድረግ ነው፤ ሜምኤፍዲ ይህን ይፈቅዳል።

የፎርማት ስህተት በቀለም ይታወቃል። ኤክስአርጂቢ 8888 ሲባል ቀይ ቀዳሚ ይመስላል፤ ሜሞሪ ውስጥ ግን ባይቶቹ የሚቀመጡት ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ እያሉ ነው። ቅደም ተከተሉን ያገላበጠ ፕሮግራም የኢትዮጵያን ባንዲራ ሲያወጣ አረንጓዴው እንዳለ ሆኖ ቢጫው ውሃ ሰማያዊ፣ ቀዩ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናል። የፎርማቱ መለያ ቁጥርም ያሳስታል። በኤስኤችኤም ኤአርጂቢ 8888 ቁጥሩ 0፣ ኤክስአርጂቢ 8888 ደግሞ 1 ነው፤ በዲኤምኤ ባፍ መንገድ ግን እነዚሁ ፎርማቶች ከአራት ፊደል የተሠራ ኮድ አላቸው። አንዱን በሌላው ቦታ መስጠት አይሠራም። አሳላፊ ቀለም ያለው ምስል ከሆነ ቀለሙ በአሳላፊነቱ መጠን አስቀድሞ መባዛት አለበት፤ ካልተባዛ የፊደላቱ ጠርዝ ያለ ቦታው ደምቆ ይወጣል።

ስትራይድ

ይህ ለብቻው መታየት አለበት፤ 1366 ላይ በተለይ ይነክሳል። ስትራይድ ከአንዱ መስመር መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ያለው የባይት ርቀት ነው። 1366 በ4 ሲባዛ 5464 ነው። ሃርድዌሩ ግን መስመር ሁሉ በተወሰነ ቁጥር ብዜት ላይ እንዲጀምር ይፈልጋል። የ64 ባይት ብዜት ሲፈለግ ስትራይዱ 5504 ይሆናል፣ 256 ሲፈለግ ደግሞ 5632። በመጀመሪያው በየመስመሩ ጫፍ 40 ባይት፣ ማለትም 10 ፒክስል ባዶ ይቀራል፤ በሁለተኛው 168 ባይት፣ ማለትም 42 ፒክስል።

የባዶውን ቦታ ነገር ረስቶ ፒክስሎቹን አከታትሎ የጻፈ መተግበሪያ ስትራይዱ 5504 በሆነ ባፈር ላይ ምስሉ በየመስመሩ 10 ፒክስል ወደ ግራ ይሸሽበታል። በ137ኛው መስመር አካባቢ አንድ ሙሉ ስፋት ዞሮ ይመጣል። «ሀለሐመ» የተጻፈበት መስኮት ተጎትቶ የተሰነጠቀ ጨርቅ ይመስላል። 1920 ላይ ይህ አይታይም፤ 7680 ለ64ም ለ256ም ያለ ቀሪ ይካፈላልና። በትልቅ ስክሪን የተፈተነ ፕሮግራም በተማሪው ላፕቶፕ ላይ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ስትራይድን ከምስሉ ስፋት ተነስቶ አለማስላት፣ ባፈሩን የፈጠረው ላይብረሪ የሰጠውን ቁጥር መጠቀም።

በጂፒዩ ለሚስል መተግበሪያ

ጂፒዩ የሚጠቀም መተግበሪያ በዲኤምኤ ባፍ መንገድ ይሄዳል። የዚህ መንገድ የዌይላንድ ፕሮቶኮል 4ኛ እትም ኮምፖዚተሩ የትኛውን ጂፒዩ እንደሚጠቀም፣ የትኛውን ፎርማት ከየትኛው ሞዲፋየር (የፒክስል አደራደር) ጋር እንደሚቀበልና ከእነዚህም የትኛው በቀጥታ ስክሪን ላይ ሊወጣ እንደሚችል አስቀድሞ ያሳውቃል። መተግበሪያው በዚህ መሠረት ሬንደር ዲ 128 የሚባለውን የመሣሪያ ፋይል ከፍቶ በጂቢኤም ላይብረሪ ባፈር ይፈጥራል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ፕሌን (ለብቻው የተቀመጠ የምስሉ መረጃ ክፍል) ዲስክሪፕተር፣ መነሻ፣ ስትራይድና ሞዲፋየር ይልካል፤ ፕሌኑ ከ4 አይበልጥም። ኮምፖዚተሩ ተቀብሎ ባፈሩን ይሰጣል፣ ወይም አልተሳካም ይላል። አልተሳካም ሲል ወደ ኤስኤችኤም መመለስ የፕሮግራሙ ፋንታ ነው።

ሞዲፋየር ፒክስሎቹ ሜሞሪ ውስጥ እንዴት እንደተደረደሩ የሚገልጽ 64 ቢት ቁጥር ነው። ጂፒዩ መስመር በመስመር ማስቀመጥ አይወድም፤ በትናንሽ ካሬ ይከፋፍላል። የኢንቴሉ ኤክስ ታይል ለምሳሌ 512 ባይት ስፋትና 8 መስመር፣ በድምሩ 4096 ባይት ነው። ሞዲፋየሩን ሳይነግሩ የተላከ ባፈር ተቆራርጦ እንደተደባለቀ ሞዛይክ ይታያል። በሲፒዩ የሚነበብ ከሆነ ቁጥሩ 0 የሆነውን ሊኒየር መጠየቅ ይሻላል፤ ከማንበቡ በፊትና በኋላም የሲንክ (የማመሳሰያ) ጥሪ ማድረግ አይዘንጋ።

ዲስክሪፕተሩ ከተላከ በኋላ ላኪው የራሱን ቅጂ መዝጋት ይኖርበታል። በብዙ ሲስተሞች አንድ ፕሮግራም በመደበኛ ሁኔታ የሚፈቀድለት 1024 ክፍት ፋይል ነው። በየፍሬሙ አዲስ ዲስክሪፕተር እያወጣ የማይዘጋ ፕሮግራም በሰከንድ 60 ፍሬም በ17 ሰከንድ ውስጥ ጣሪያውን ይነካል። አሥራ ሰባት ሰከንድ ያህል ሠርቶ በድንገት የሚሞት መስኮት ሲታይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

መቼ ይመለሳል

ባፈር ከተላከ በኋላ ኮምፖዚተሩ ሪሊዝ (ለቅቄዋለሁ) እስኪል ድረስ መነካት የለበትም። ቡና የምትቀዳ እናት እንግዳው አቦሉን ጨርሶ ስኒውን ሳይመልስ ቶና አትቀዳበትም፤ ለዚህም ነው ረከቦት ላይ ትርፍ ስኒ የሚደረደረው። በኤስኤችኤም ኮምፖዚተሩ ምስሉን ወደ ጂፒዩ ገልብጦ ቶሎ ስለሚመልስ ሁለት ባፈር ብዙ ጊዜ ይበቃል። በዲኤምኤ ባፍ ግን ቀጣዩ እስኪመጣ ይዞት ሊቆይ ይችላል፤ ሦስት ወይም አራት ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ክፍቱ የግራፊክስ ላይብረሪ ሜሳም እስከ አራት ድረስ ይይዛል። ሪሊዝን ሳይጠብቁ መሳል ምስሉን መሀል ለመሀል ይቀደዋል።

ሌላው ጥያቄ ጂፒዩው ስሎ ሳይጨርስ ኮምፖዚተሩ እንዳያነብ የሚጠብቀው ማን ነው የሚለው ነው። በክፍት ድራይቨሮች ከርነሉ ራሱ በባፈሩ ላይ ፌንስ (ሥራው ማለቁን የሚያበስር ምልክት) አስሮ ያስጠብቃል፤ ይህ ስውር ማመሳሰል ይባላል። የኤንቪዲያ ዝግ ድራይቨር ይህን ስለማይደግፍ በኤክስዌይላንድ (የኤክስ መተግበሪያን በዌይላንድ ላይ በሚያስኬደው ሰርቨር) መስኮቶች ላይ ምስል ይንተገተግ፣ ያለፈ ፍሬምም ብቅ ይል ነበር። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው አከራካሪ ነው፤ መተግበሪያውና ኮምፖዚተሩ ፌንሱን ራሳቸው የሚለዋወጡበት ግልጹ ማመሳሰል በቴክኒክ የተሻለ መሆኑን ኤንቪዲያም የክፍት ድራይቨር ሠሪዎችም ሲናገሩ ይሰማል። በመጋቢት 2024 በዌይላንድ ፕሮቶኮሎች 1.34 ውስጥ ግልጽ ማመሳሰል ገባ፤ የኤንቪዲያ 555 ድራይቨርም ደገፈው። ኤንቪዲያ ይዞት በነበረው የባፈር ማስተላለፊያ በኢጂኤል ስትሪምስና በጂቢኤም መካከል የነበረው ሙግት ግን የሚያከራክር አይደለም። ኤንቪዲያ በ2021 በ495 ድራይቨሩ ጂቢኤምን ሲቀበል የክፍቱ ማኅበረሰብ መንገድ ትክክል እንደነበር ታይቷል።

በሌሎች ሲስተሞች

አንድሮይድም በዚሁ ሐሳብ ይሠራል፤ ባፈሮቹ በባፈርኪው (የባፈር ወረፋ) በኩል የአንድሮይድ ኮምፖዚተር ወደሆነው ሰርፌስፍሊንገር ይተላለፋሉ። በማክ አይኦሰርፌስ ተመሳሳዩን ይሠራል።

ሲበላሽ የሚታይበት መንገድ

ፕሮግራሙ የትኛውን መንገድ እንደያዘ ለማወቅ ዌይላንድ ዲበግ የሚባለውን ተለዋዋጭ 1 አድርጎ ማስነሳት ይበቃል፤ የሚላከው መልእክት ሁሉ ተርሚናል ላይ ይዘረዘራል። ዌይላንድ ኢንፎ የሚባለው ትእዛዝ ኮምፖዚተሩ የሚቀበላቸውን ፎርማቶች ያሳያል። ሁሉም በኤስኤችኤም የሚሄድ ከሆነና ሲፒዩው ከተጨናነቀ ሜሳ በሲፒዩ ብቻ በሚስለው በኤልኤልቪኤም ፓይፕ እየሳለ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚታየው ተጠቃሚው ሬንደር ዲ 128ን የመክፈት ፈቃድ እንዳለው ነው። ብዙ ተማሪ በሚጋራው የላብራቶሪ ማሽን ላይ በኤስኤስኤች (ከርቀት) የሚገባ ተጠቃሚ ሬንደር የሚባለው ቡድን ውስጥ ላይኖር ይችላል። ወደ ቡድኑ ተጨምሮ፣ ወጥቶ እንደገና ሲገባ ይስተካከላል፤ ሳይወጣ ከቀረ የድሮው ፈቃድ ይዞት ይቆያል።